ፖስታ ላይ ያለች ከተማ

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው የሜሪላንድ ከተማ ነው። ወደ ሳውዝ ዳኮታ መሄዴን በስልክ የነገርኳት ዕለት ከት ብላ ሳቀች። «እዚያ ደግሞ ሰው ይኖራል እንዴ?» አለችኝ፤ «እኔ የሰማሁት ላምና በቆሎ ብቻ እንዳለ ነው።» ከደሴ ከመጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ስለነበር የምመልስላት አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድ እሑድ ስንጫወት የክሬዲት ካርዷን ሂሳብ የያዘውን ፖስታ ከመሳቢያ አውጥታ የላኪውን አድራሻ እንድታነብልኝ ለመንኳት። ቀስ ብላ «ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ» አለችና ዝም አለች። ለስንት ዓመት በየወሩ ዕዳዋን ስትነግራት የኖረችው ከተማ እኔ የምኖርባት ነበረች።

ሰው ይኖራል ወይ ለሚለው እንኳ መልሱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 192,517 ሰው ይኖርባት ነበር። የግዛቲቱ ሕዝብ በሙሉ ያኔ ዘጠኝ መቶ ሺህ ስላልሞላ፣ ከአምስት የሳውዝ ዳኮታ ሰው አንዱ እዚህ ነበር ማለት ነው። ፖስታው እንዴት እዚህ እንደደረሰ ግን ትንሽ ያስኬዳል፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዘርዘር አድርጌ ባወራው አትፍረዱብኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ብሔራዊ ባንክ መቀመጫው ባለበት ግዛት የተፈቀደለትን ወለድ በሌላ ግዛት የሚኖረውንም ደንበኛ ሊያስከፍል ይችላል ሲል ወሰነ። በ1980 ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን ጨርሳ አነሣች። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከመቶ ዐሥራ ሦስት አልፎ ነበር፤ የኒውዮርክ ሕግ ግን ባንኮች በሚያስከፍሉት ወለድ ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። ባንክ ደግሞ ሲከስር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲቲባንክ በ1981 የክሬዲት ካርድ ሥራውን ጠቅልሎ ወደዚህች ከተማ መጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ላምና በቆሎ ብቻ አላት የተባለችው አገር የሚሊዮኖችን የዕዳ መዝገብ ተረከበች። ላሙም በቆሎውም መኖሩ አልቀረም፤ ከከተማው ዐሥር ደቂቃ በመኪና ወጣ ካላችሁ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

እኔ ራሴ ምን ጠብቄ እንደመጣሁ ብትጠይቁኝ ማፈሬ አይቀርም። አሜሪካ ለእኔ ሁለት ቦታ ነበረች፤ አንደኛው በፊልም የማየው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ ሁለተኛው ባርኔጣ የደፋ ሰው ፈረስ የሚጋልብበት ሜዳ። በሁለቱ መካከል ሌላ አሜሪካ ሊኖር እንደሚችል አስቤው አላውቅም። ይህ ከማንም ይልቅ እኔን ሊያሳፍረኝ ይገባል፤ ምክንያቱም ያደግሁት ደሴ ነው፤ ደሴ ደግሞ ትልቅም ትንሽም ያልሆነች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ወሎዬ ሁሉ ዘፋኝ ይመስላቸው ነበር። «እስቲ አንድ አምባሰል በይልን» እያሉ መከራዬን ያሳዩኝ ነበር፤ የእኔ ድምፅ ግን እንኳን ለአምባሰል ለእሹሩሩም የሚሆን አይደለም። ሰዎች ያላዩዋትን ከተማዬን በአንድ ቃል ሲጨርሷት ስናደድ የኖርኩ ሰው፣ ያላየኋትን አገር በሁለት ሥዕል ጨርሼ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፏፏቴውን ለማየት ነው። ስሟ «የሱ ፏፏቴዎች» ማለት ነውና ጢስ ዐባይን የመሰለ ነገር ጠበቅሁ። ያገኘሁት ቢግ ሱ የሚባለው ወንዝ በሮዝማ ድንጋይ ላይ ደረጃ በደረጃ እየተንሸራተተ ሲወርድ ነው። ድንጋዩ ኳርትዛይት ይባላል፤ ከከተማዋ የቆዩ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከእርሱ ነው። «ይኼ ነው?» አልኩ ለራሴ። ከፏፏቴው አጠገብ ሰፊ የአሳማ ማረጃ ፋብሪካ አለ፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ ሽታው ከውሃው ድምፅ ጋር አብሮ ይደርሳል። ፖስትካርዱ ላይ ውሃው እንጂ ፋብሪካው የለም።

ከተማዋ ያለችበት ካውንቲ ሚኔሃሃ ይባላል። ቃሉ የዳኮታ ሕዝብ ነው። ሎንግፌሎው እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተመው ረጅም ግጥሙ ውስጥ የጀግናውን ሚስት በዚህ ስም ጠርቶ «ሳቂ ውሃ» እያለ ስለተረጎመው፣ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የቃሉ ፍቺ ይኸው ይመስለዋል። ቋንቋውን የሚያውቁ ግን ቃሉ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ውሃ፣ በአጭሩ ፏፏቴ ማለት እንደሆነና ሳቅ የሚባል ነገር እንደሌለበት ይናገራሉ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ግጥም የሚሞክር ሰው ሁሉ ሊደነግጥ የሚገባውን ያህል ደነገጥሁ። ያልሳቀ ውሃ በአንድ ገጣሚ ምክንያት መቶ ሰባ ዓመት ሙሉ ሲስቅ ኖሯል።

ስለ ብርዱ ብዙ አላወራም። ሁሉም ስለ ብርዱ ነው የሚጠይቀኝ፤ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዲግሪ መውረዱ የተለመደ ነው ብዬ ልለፈው። ይልቅ ያስቸገረኝ ቃሉ ነበር። እኛ በረዶ የምንለው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ አመዳይ የምንለው ማለዳ ሣር ላይ የሚያርፈውን ነው። እዚህ ድምፅ ሳያሰማ ሌሊቱን ሙሉ እየወረደ መኪናን የሚቀብረውን ነገር ምን ብዬ ልጻፈው? በዚህ ምክንያት የተበላሹ ሰባት ግጥሞች አሉኝ።

መኪናን መቅበሩን ካነሣሁ ጎረቤቴን ማንሣት አለብኝ። በመካከለኛ ከተማ ሰው ይቀራረባል ይባላል። ከዲሲ የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ «እዚያስ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፤ እኛ እዚህ በሰው መካከል ብቻችንን ነን» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍኩት ፈገግታ ሲዘንብብኝ ነው፤ ከፈገግታው አልፎ ደጃፌን የረገጠ ግን አልነበረም። ታዲያ ነጮቹ ልባቸው እንደ አየሩ ነው ብዬ ፈረድኩ። ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው። በረዶ በጣለ ማለዳ ከቤቴ ስወጣ መኪናዬ ዙሪያው ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ማን እንደሚጠርገው ያወቅሁት በሁለተኛው ክረምት ነው፤ አንድ ቀን ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማሽን ድምፅ ቀስቅሶኝ በመስኮት ሳይ እርሳቸው ናቸው። ለገና ድፎ ዳቦ ጋግሬ በትሪ ይዤላቸው ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ግቢ አላሉኝም። ተቀይሜ ተመለስኩ። በሳምንቱ ትሪዬ ታጥቦ፣ በላዩ ብስኩት ተደርድሮበት፣ በሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ ነው ያሳደገችኝ። ይህን ሥርዓት የእኛ ብቻ አድርጌ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም፤ እርሳቸውም ቤቴ ገብተው አያውቁም፤ ትሪው ግን በዓመት ሁለቴ ይመላለሳል፤ አንድም ቀን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

ሌላው ግምት «እዚያ ጥቁር ሰው የለም» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ያ የአሳማ ማረጃ በኮሮና ወረርሽኝ ክፉኛ ተጎድቶ የአሜሪካ ዜና ሁሉ ርእስ ሆነ። ሁኔታውን ሊያጠና የመጣው የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቡድን ባወጣው ዘገባ፣ ሠራተኞቹ አርባ ያህል ቋንቋ እንደሚናገሩ ጠቅሶ ዋና ዋናዎቹን ዐሥሩን ዘረዘረ። ከዐሥሩ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ይገኙ ነበር። ኩናማን ልብ በሉልኝ። በአገራችን ስንቱ የተማረ ሰው ኩናማ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ያውቃል? ላምና በቆሎ ብቻ ባለባት ከተማ ግን በመንግሥት ዘገባ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ጋር ተሰልፎ ተጻፈ። ዝርዝሩን በስልኬ ሳነብ ኮራሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዝርዝሩ ለምን እንደተጻፈ ትዝ አለኝና አፈርኩ። እነዚህ ቋንቋዎች የተቆጠሩት ስለታመሙ ነው።

ስለ ከተማዋ ያለው ግምት እንዳለ ሆኖ፣ ከተማዋ ስለ እኔ ያላትም ግምት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን በመስኮቴ የመጣች የስድሳ ዓመት ያህል ሴት ስሜን ደረቴ ላይ አንብባ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጅ እያለች በቤተ ክርስቲያን ሣጥን ውስጥ ለእኛ ሳንቲም ትጨምር እንደነበር ነገረችኝ። የ1977ቱን ድርቅ ማለቷ ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። በየጊዜው እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል፤ «ዛሬም የምናውቀው በረሃብ ብቻ ነው እንዴ?» እላለሁ በሆዴ። ማታ ለእናቴ ደውዬ እንደ ቀልድ አጫወትኳት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ከገጠር የተፈናቀለው ሰው በደሴ መንገድ ላይ ሲወድቅ ያየች ናት። «ልጄ፣ በከረጢት የመጣውን ስንዴ እኛም ቀምሰነዋል፤ ለእንግዶቻችን አብስለንበታል» አለችኝ። «ሴትየዋ ተመልሳ ከመጣች እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በያት።»

ሴትየዋ በወሩ ተመልሳ መጣች። የእናቴን ቃል ነገርኳት። ከኋላዋ አምስት ሰው ተሰልፎ ሳለ መስኮቴን ይዛ አለቀሰች፤ አለቃዬ ከሩቅ በዓይኑ «ምን አድርገሻት ነው?» ይለኛል። እኔም እንባዬ መጣ። የተናደድኩበት ግምት ውስጥ የእናቴ ስንዴ እንዳለበት ማን ነገረኝ?

አሁን ስለ ገንዘብ ላውራ፤ መጻፍ የጀመርኩትም በእርሱ ምክንያት ነው።

በመካከለኛ ከተማ ኑሮ ርካሽ ነው፣ የገቢ ግብር የለም፣ ሥራ በሽ ነው ይባላል። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሦስቱም ደግሞ ያሳስታል። ግዛቲቱ የገቢ ግብር የላትም፤ የፌዴራሉ ግን አለ፤ ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ ከምግብ ሸቀጥ ላይ ሳይቀር የሽያጭ ግብር ትሰበስባለች፤ ስለዚህ ደሃውም ሀብታሙም ወተት በገዛ ቁጥር እኩል ይከፍላል። የቤት ኪራዩ ከዲሲ ያንሳል፤ ነገር ግን ያለ መኪና መንቀሳቀስ አይቻልም። እኔ በመጣሁበት ዓመት እሑድ እሑድ አውቶቡስ የሚባል ስላልነበረ ቅዳሴ የምሄደው ሰው ለምኜ ነበር። መኪና ማለት የመኪና ዕዳ፣ ኢንሹራንስና ቤንዚን ማለት ነው። ሥራም አለ፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ግን በስልክ አይነገርም።

ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ። ስለ እርሳቸው እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ «ስሜን ብቻ ተይው» ነው ያሉኝ። በማረጃው ቤት ቢላዋ ይዘው ሥጋ ከሚቆርጡት አንዱ ናቸው። አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የአሳማ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም፤ ቀኑን ሙሉ ግን የሚነኩት እርሱን ነው። ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን ሦስቴ በሳሙና ታጥበው፣ ቤታቸው ገብተው ደግሞ በሎሚ እንደሚያሹት ነግረውኛል። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻቸው የሚያውቁት «የምግብ ኢንዱስትሪ ውስጥ» እንደሚሠሩ ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ታናሽ ወንድማቸው ግን ቃሉን አስፍቶ «ጋሽዬ የምግብ ፋብሪካ አለው» እያለ እንደሚያወራ በቅርቡ ሰምተዋል፤ እርሳቸውም አላረሙትም።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይመጣሉ። ጣቶቻቸው ከቢላዋው ብዛት ስለማይዘረጉ ብዕር ሲይዙ እንደ ሕፃን በጭብጣቸው ነው። ሐዋላ ወደሚላክበት ሱቅ የሚወስዱትን ገንዘብ ያወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ስንት ቀረኝ?» ይሉኛል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ አሳያቸዋለሁ፤ በቃል አልናገረውም፤ ሌላ ሐበሻ ከኋላ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓርብ የቀረው አርባ አንድ ዶላር ነበር። ወረቀቱን አይተው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ጣራው ደርሷል እኮ» አሉኝ ፈገግ ብለው፤ አገር ቤት ወንድማቸው እያሠራ ያለውን ቤት ማለታቸው ነው። «ፎቅ ነው። አንድ ቀን ገብቼ እተኛበታለሁ።» እዚህ የሚኖሩት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ተጋርተው በተከራዩት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ደሴ ባንክ ቤት ስሠራ በዚያኛው ጫፍ ነበርኩ። ከአሜሪካ የተላከ ገንዘብ ሊቀበል የሚመጣውን ሰው አስተናግድ ነበር። «ይኼ ብቻ ነው የላከው?» የሚሉ ብዙ ነበሩ። እኔም ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆኜ በልቤ «እውነትም ሥሥት ነው» ያልኩበት ቀን አለ። እንግዲህ እንዲህ የሚል ሰው ነበርኩ። አሁን የሁለቱንም መስኮት ስለማውቅ፣ ዝም ማለት የሙያዬ ግዴታ በሆነበት ቦታ ተቀምጬ፣ ዶላሩ ከአርባ አንዱ ተለይቶ ሲሄድ እመለከታለሁ።

ወንድሜ የደወለው ባለፈው የካቲት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ካጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። «እትዬ፣ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፤ እምቢ እንዳትይኝ» አለኝ። መቶ ሃምሳ ሺህ ብር እንድልክለት ነው። ደላላ አግኝቷል፤ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ሊገባ። ከሰፈራችን በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉ፤ ደርሰው የደወሉ አሉ፤ ያልደወሉም አሉ። አይሆንም አልኩት። «እንግዲያው አንቺ ውሰጂኝ» አለ። የደረሰኝ ዲቪ በዕጣ መሆኑንና ወንድምን ለማምጣት ዜግነት ካገኙም በኋላ እጅግ ብዙ ዓመት መጠበቅ እንዳለ አስረዳሁት። «እሺ፣ ገንዘቡን ላኪልኝ፤ ለአንቺ የሁለት ቀን ደመወዝሽ ነው» አለኝ።

ያን ማታ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሂሳቤን በሙሉ በወረቀት ጻፍኩና በስልክ አነበብኩለት። በየሁለት ሳምንቱ እጄ የሚገባው 1,130 ዶላር ነው፤ በወር 2,260። የቤት ኪራይ 850። የመኪና ዕዳ 310። ኢንሹራንስ 120። ቤንዚን 110። መብራትና ማሞቂያ 90። ስልክና ኢንተርኔት 95። ምግብ 320። ለእማዬ 200። ለክሬዲት ካርድ 75፤ እርሱም ወለዱን እንጂ ዕዳውን አይነካውም። (የእኔም ፖስታ የሚመጣው ከዚችው ከተማ ነው፤ የወለድ ጣሪያ ያነሣችው አገር ለእኔ ብላ አትመልሰውም።) ቀሪ 90 ዶላር።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እትዬ፣ ካልፈለግሽ አልፈልግም በይኝ» አለ። «ለምን ትዋሺኛለሽ?»

የተቆጣሁት በእርሱ ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጣው ወደ እኔ ዞረ። ደሴ፣ እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ የእኔ ፎቶግራፍ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ከኋላዬ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች አሉ፤ ሐይቅ አለ፤ እኔ ነጭ ቀሚስ ለብሼ እስቃለሁ። ፎቶው የተነሣው በመጣሁበት የመጀመሪያ በጋ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር ቺካጎ ሄደን ነበር፤ ከሱ ፎልስ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በመኪና ይነዳል። ቀሚሱ የተውሶ ነው። ስልከው «ይህ እኔ የምኖርበት አይደለም» አላልኩም። ማንም ስላልጠየቀኝ አልዋሸሁም። እናቴ አሳጥባ ሰቀለችው፤ ወንድሜ ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራቱን የበላው ከዚያ ፎቶ ሥር ነው።

በእውነቱ ቺካጎ ቆሜ ያን ፎቶ ሳስነሣ የማስበው ስለ እርሱ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሆቴል መኝታ ቤት አጽጂ ነበርኩ። አባቴ «ባንክ ቤት የምትሠራ ልጄ» እያለ ሲኮራብኝ የኖረ ሰው ነው፤ በዲግሪ የተመረቀች ልጁ አንሶላ እንደምትቀይር እንዲያውቅ አልፈለግሁም። አባቴ ሳያውቅ ዐረፈ። ኋላ ባንክ ስገባ ነገሩ የተስተካከለ መሰለኝ፤ ደግሞም ባንክ ቤት መሥራት ደሴ ውስጥ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ እዚህ በሰዓት የሚከፈለው ሥራ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?

ለወር ያህል ወንድሜ ስልኬን አላነሣም። እናቴ «አለ፤ ፊቱን አጥቁሮ ይገባል ይወጣል» ትለኛለች። በየሌሊቱ እነቃለሁ። እዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ «ዛሬስ ወጥቶ ይሆን? አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሆን?» እያልኩ የስልኬን ብርሃን አያለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባና ስልክ ሲቋረጥ ያደርገኝ የነበረው እንዲሁ ነበር። ያኔ ግን ጥፋቱ የእኔ አልነበረም።

ለጋሼ አማከርኳቸው። በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አላገኘሁም። ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ትንሽ አሰቡ። «እኔ ለወንድሜ ልነግረው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ» አሉ። «ግን ብነግረው፣ ይኼ ሁሉ ዓመት የላክሁለት ገንዘብ ይከብደዋል። እንዲቀልለው ነው ዝም የምለው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ግን ንገሪው» አሉኝ። ለምን እርሳቸው የማያደርጉትን እኔ እንዳደርግ እንደመከሩኝ አልጠየቅኋቸውም፤ ሌላ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሌላ በረዶ ጣለ። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሽማግሌው ማሽን ሲጮኽ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከመስኮቴ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ አንድ የመንገድ መብራት፣ ከዚያ ወዲያ የጎረቤቴ ቤት ነው። ማታ ማታ ሰማዩ ሲጠራ የቅዱስ ዮሴፍ ካቴድራል ሁለት ማማዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ በዚያ ማለዳ ግን እነርሱም አልነበሩም። ስልኬን አነሣሁና ያንኑ ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ዞሬ ክፍሌን አነሣሁ፤ አልጋዬን፣ ወንበሬ ላይ የተሰቀለውን የባንክ የደንብ ልብሴን፣ ምድጃው ላይ የተቀመጠውን ድስት። ሁለቱንም ለወንድሜ ላክሁለት። ከሥሩ «የምኖረው እዚህ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ማየቱን ስልኬ ነገረኝ። ሥራ እስክሄድ ድረስ አልመለሰም። ቡናዬን ጠጣሁ፤ ጫማዬን አሠርሁ። ከበሩ ልወጣ ስል መልእክቱ ገባ።

«መኪናሽ የትኛው ነው?» ይላል።

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ሰባት መኪናዎች ቆመዋል፤ ሁሉም በበረዶ ተቀብረው አንድ ዓይነት ሆነዋል። በጣቴ እያሰፋሁ፣ ዙሪያው የተጠረገውን ፈለግሁለት።